ራውተሩ የማያውቃቸው ዕቃዎች
ጅዳ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ዲስኩር



 ከማኅበረሰባችን የወጣቶች ክፍል የደረሰኝ ግብዣ «ስለ ቴክኖሎጂ የሚጠቅመንን ንገረን» ይላል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባወራ ደስ የሚላችሁ ወጣቶች እንዳላችሁ ፊታችሁ ይነግረኛል። ግን አብዛኞቻችሁ የምትደውሉልኝ በሌላ ጉዳይ ነው። «ካሜራው ጠፋብኝ» ትላላችሁ። «ፕሪንተሩ አይታይም» ትላላችሁ። «ራውተሩ ውስጥ ገብቼ አየሁ፣ የለም» ትላላችሁ። ካሜራው ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ መብራቱም ቦግ እልም ይላል።

የዛሬው ጉዳዬ እንግዲህ ቋሚ አድራሻ የተሰጣቸው፣ ራውተሩ ግን በዝርዝሩ የማያሳያቸው ዕቃዎች ናቸው። መጀመሪያ ለምን እንደሚሰወሩ እናያለን፤ ቀጥሎ እንዴት እንደሚገኙ፣ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ከዚያ ዳግም እንዳይጠፉ ምን እንደምናደርግ። መጨረሻ ላይ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች አንዱን እመልሳለሁ። የተማረ ያልተማረ የሚለይበት ነገር የለውም፤ ስልክ ከያዛችሁ ትከተሉኛላችሁ።

ስልካችሁን አውጡ። ሴቲንግ ገብታችሁ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ስም ንኩት። ወደ ታች ስትወርዱ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ታያላችሁ፤ 192.168.100.23 ወይም 192.168.1.7 የመሰለ። የስልካችሁ አይፒ አድራሻ ይህ ነው። እዚያው ገጽ ላይ «ራውተር» ወይም «ጌትዌይ» የሚል ሌላ ቁጥር አለ፤ እሱ ደግሞ የራውተሩ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፏቸው፣ ያስፈልጉናል።

በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ደንብ ለቤትና ለመሥሪያ ቤት የውስጥ አገልግሎት ብቻ የተለዩ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ጅዳ ከንደራ ያለው የእኔ ላፕቶፕና ደሴ ያለው የእናቴ ቴሌቪዥን ሁለቱም 192.168.1.5 ሊሆኑ ይችላሉ። አይጋጩም፤ ከየቤታቸው ራውተር ውጭ በዚያ ቁጥር የሚያውቃቸው የለም።

ቁጥሩን የሚያድለው ማን ነው? እንደ ደንቡ ራውተሩ ነው። አዲስ ስልክ ሲገናኝ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ለሁሉም ይጣራል፤ ራውተሩም ከያዘው ክምችት አንድ ቁጥር አንሥቶ ለተወሰነ ሰዓት ያከራየዋል፣ መዝገቡም ላይ ይጽፈዋል። ባለሙያዎች ዲኤችሲፒ የሚሉት ይህን ነው። አንዳንድ ዕቃ ግን አይጠይቅም። ካሜራ የገጠመው ሰው «አንተ 192.168.1.64 ነህ» ብሎ በራሱ በካሜራው ውስጥ ጽፎለት ሄዷል። ካሜራው መብራት ባገኘ ቁጥር ማንንም ሳያስፈቅድ እዚያ ቁጥር ላይ ይቀመጣል።

መካ ዐዚዚያ ውስጥ የሐጅ እንግዳ የሚያሳርፍ ሕንፃ አስቡ። በዋናው በር የገባ ሁሉ ስሙና የክፍሉ ቁጥር እንግዳ ተቀባዩ መዝገብ ላይ አለ። በጓሮ ደረጃ ወጥቶ አምስተኛ ፎቅ ላይ የተኛው ግን መዝገቡ ላይ የለም። እንግዳ ተቀባዩን «እነማን አሉ?» ብትሉት መዝገቡን ያነብላችኋል። አልዋሸም፤ የጠየቃችሁት እሱ የሚያውቀውን ነው። ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ ራውተሩ የሚያሳያችሁ አድራሻ የጠየቁትን ነው፤ ቤት ውስጥ ያሉትን ሁሉ አይደለም።

እንዲህ ያለ አድራሻ የሚሰጣቸው በብዛት የትኞቹ ናቸው? የደኅንነት ካሜራና መቅጃው፣ ፕሪንተር፣ የሱቅ ሒሳብ ማሽን፣ ሁለተኛ ሆኖ የተቀጠለ ራውተር። ገጣሚው ያለ ምክንያት አላደረገውም። መቅጃው ካሜራውን ዛሬም ነገም በአንድ ቁጥር ማግኘት አለበት፤ ቁጥሩ በየቀኑ ከተለዋወጠ ምስሉ ይቋረጣል። ችግሩ የሚመጣው ገጣሚው ቁጥሩን ሳይነግራችሁ ሲሄድ ነው። ስልኩን ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ አያነሣም!

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎች የሚያውቁት ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የጅዳ ሰፈሮች ጉለይል፣ ፔትሮሚን፣ ካራንቲና ሲፈርሱ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ፍሪጁን ሰካው፣ ሠራ። ቴሌቪዥኑን ሰካው፣ ሠራ። ካሜራውን ሰካው፣ አልሠራም። ካሜራው የአሮጌውን ቤት ቁጥር እንደያዘ መጥቷል፤ የአዲሱ ቤት ራውተር የሚያድለው ደግሞ በ192.168.100 የሚጀምር ነው። ካሜራው ከገዛ ቤቱ ራውተር ጋር መነጋገር የማይችል ሆኖ ተቀመጠ። ስንቱ «ተበላሸ» ተብሎ ተጣለ፣ ስንቱስ በርካሽ ተሸጠ!

ወደ ፍለጋው እንሂድ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ የምትፈልጉት በራሳችሁ ቤት፣ በራሳችሁ ራውተር ላይ ብቻ ይሁን። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራ የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ አለ። በኔትወርክ የሚተላለፍን የሰው መረጃ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ መሰለል ብቻ እስከ 1 ዓመት እስራት፣ እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። የጎረቤትን ዋይፋይ ገብቶ መበርበር ቀልድ አይደለም። በጋራ አፓርታማ የምትኖሩ ልጆች፣ ራውተሩ በስሙ የሆነውን ሰው አስፈቅዳችሁ ጀምሩ።

መጀመሪያ የምታደርጉት ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን የራውተር ቁጥር በስልካችሁ ወይም በላፕቶፓችሁ ብራውዘር ላይ መጻፍ ነው። ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር ተለጥፏል። ውስጥ ስትገቡ ሁለት ዝርዝር ፈልጉ። አንደኛው አድራሻ የተከራዩት ነው። ሁለተኛው በዋይፋይ አሁን የተገናኙት ነው፤ እሱ የሚያሳየው በአይፒ ሳይሆን በማክ አድራሻ ነው። ማክ አድራሻ ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው 12 ፊደልና አኃዝ ነው። በሁለተኛው ዝርዝር ላይ ኖሮ በመጀመሪያው ላይ የሌለ ካገኛችሁ፣ ቋሚ አድራሻ ያለው የዋይፋይ ዕቃችሁ እሱ ሳይሆን አይቀርም። በኬብል የተሰካ ዕቃ ግን በዚህ አይገኝም። አንዳንድ አዳዲስ ራውተሮች ዝርዝሩን አንድ ላይ ቀላቅለው ያቀርባሉ፤ ያኔ ስም የሌለውን፣ «ያልታወቀ» የሚለውን ተከተሉ።

እዚህ ላይ አትደንግጡ። አንዲት እህት ራውተሯ ላይ የማታውቃቸውን ስልኮች አይታ ሰው ዋይፋይዋን እንደሰረቀባት እርግጠኛ ሆና ነበር። የገዛ ልጆቿ ስልኮች ናቸው። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይፎን አይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች እውነተኛውን ማክ ደብቀው የፈጠራ ማክ ያሳያሉ፤ ማንም በየካፌው እንዳይከታተላችሁ ተብሎ የተደረገ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ከማኩ ሁለተኛው ቦታ ላይ ያለው 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ የፈጠራ ነው። ካሜራና ፕሪንተር በአብዛኛው እንዲህ አያደርጉም፣ ስለዚህ የምትፈልጉት ያ አይደለም።

መዝገቡን ካያችሁ በኋላ እየዞራችሁ በር ማንኳኳት ነው። ስልክ ላይ ፊንግ የሚባለውን መተግበሪያ፣ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባለሙያ ሁሉ የሚጠቀምበትን ኤንማፕ መጫን ትችላላችሁ፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ሥራቸው አንድ ነው፤ ከ1 እስከ 254 ያለውን ቁጥር ሁሉ እየጠሩ «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ አርፕ ይባላል። ዴቪድ ፕላመር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1982 ደንቡን ከጻፈለት ወዲህ እስከ ዛሬ አለ። ውበቱ ምን መሰላችሁ? ዕቃው ፒንግ ለሚባለው የ«አለህ ወይ?» ጥሪ ላለመመለስ ሊወስን ይችላል፤ ብዙ ኮምፒውተሮችም ያደርጉታል። አርፕን ግን ዝም ማለት አይችልም። ለእሱ መልስ ካልሰጠ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ምንም ሊልክለት አይችልም፣ ቆሞ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ፒንግ አድርጋችሁ «የለም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

መልሱ ሲመጣ አይፒውና ማኩ አብረው ይመጣሉ። የማኩ የመጀመሪያዎቹ 6 ፊደላት የአምራቹን ስም ይናገራሉ፣ ኤንማፕም አንብቦ ይነግራችኋል። «ሂክቪዥን» ካለ ካሜራው ነው፤ «ካኖን» ወይም «ኤችፒ» ካለ ፕሪንተሩ። አሁን የተገኙትን ቁጥሮች ከራውተሩ የኪራይ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። መልስ ሰጥቶ መዝገቡ ላይ የሌለው ሁሉ ቋሚ አድራሻ ያለው ነው። ራውተሩ የሚያሳያችሁ የጠየቁትን ነው አላልኳችሁም? ያልጠየቁት እነሆ።

ፍለጋው ባዶ ከሆነስ? በእንግዳ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ እንደሆነ እዩ፤ የእንግዳ ዋይፋይ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። ሌላው ጣጣ የእኛው የጋራ አፓርታማ ነው። ሳሎን ውስጥ የፋይበሩ ራውተር አለ፤ ከፈለስጢን መንገድ ሱቆች የተገዛ ሌላ ራውተር ደግሞ በአንዱ ክፍል ውስጥ ተቀጥሏል። ከሁለተኛው ራውተር ጀርባ ያሉት ዕቃዎች ለሳሎኑ ራውተር እንደ አንድ ዕቃ ብቻ ይታያሉ። እነሱን ለማግኘት ክፍሉ ገብታችሁ የዚያን ዋይፋይ ይዛችሁ መፈለግ ነው።

እንደ ጉለይሉ ካሜራ የሌላ ቤት ቁጥር ይዞ የመጣ ከሆነ ደግሞ በ192.168.100 ሰፈር ብታንኳኩ አታገኙትም፣ እሱ ያለው በሌላ ሰፈር ነው። ያኔ ላፕቶፕ ያስፈልጋል። ካሜራውን ከራውተሩ ነቅላችሁ በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት፤ መብራቱን በኬብሉ በኩል የሚያገኝ ካሜራ ከሆነ መብራት የሚሰጠውን የኔትወርክ ስዊች አትንቀሉ፣ ላፕቶፑን እዚያው ስዊች ላይ ሰኩት። ከዚያ ለላፕቶፑ በእጃችሁ አድራሻ ስጡት፤ 192.168.1.200፣ ከሥሩ «ሰብኔት ማስክ» በሚለው ቦታ 255.255.255.0። አሁን የካሜራው ጎረቤት ሆናችኋል። ብራውዘር ላይ 192.168.1.64 ብላችሁ ሞክሩ፤ ሂክቪዥን ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው ቁጥር ነው። ዳሁዋ ከሆነ 192.168.1.108። ሂክቪዥን ሳድፒ የሚባል የራሱ መፈለጊያ ፕሮግራም አለው፤ ቁጥሩ የፈለገው ቢሆን በአንድ ኬብል ላይ ያሉትን ካሜራዎቹን ሁሉ ጠርቶ ያወጣል። እኔ መጀመሪያ የምሞክረው እሱን ነው።

ይህም ካልሠራ፣ እኔ በጣም የምወደው ዘዴ አለ፤ ዝም ብሎ ማዳመጥ። ዋየርሻርክ የሚባለውን ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ክፈቱ፣ ካሜራውን አጥፍታችሁ አብሩት፣ ጠብቁ። አብዛኛው ዕቃ ከእንቅልፉ ሲነቃ «ይህ ቁጥር የእኔ ነው» ብሎ ራሱ ያውጃል፣ ወይም የድሮ ጌትዌዩን «192.168.8.1 የት ነህ?» እያለ ይፈልጋል። የጠፋ ነው የተባለው ዕቃ ከማን ቤት እንደመጣ ጭምር በገዛ አፉ ይናገራል።

አይፒውን አግኝታችሁ ዕቃው የትኛው እንደሆነ ያልለያችሁም ትኖራላችሁ፣ በተለይ ሱቅ ያላችሁ። ፍሪጁ ላይ አቧራ የጠጣ ስዊች አለ፣ ስምንት ኬብል ተሰክቶበታል፣ ሁሉም ግራጫ ነው። ላፕቶፑን ፒንግ እያደረገ እንዲቀጥል ተዉት። ኬብሎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፣ ጥቂት ቆዩ፣ መልሳችሁ ሰኩ። መልሱ ቀጥ ያለበት ኬብል እሱ ነው። ወዲያው ፕላስተር ለጥፋችሁ ስሙን ጻፉበት። ማታ ደንበኛ ሲቀንስ አድርጉት እንጂ ሰው ተሰልፎ ሳለ የሒሳብ ማሽኑን እንዳትነቅሉት።

አሁን ዳግም እንዳይጠፉ ወደማድረጉ። በዚህ ላይ የመካ አንድ እንግዳ ማረፊያ የገጠመውን ልንገራችሁ። የቢሮው ፕሪንተር ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ የሐጅ ወር ዙልሒጃ ሲገባ ያብዳል፤ አንዴ ያትማል፣ አንዴ አያትምም። ሠራተኞቹ «ጂን ይዞታል» ይሉ ነበር። ፕሪንተሩ በእጅ የተሰጠው ቁጥር 192.168.1.50 ነው። ራውተሩ ደግሞ ከ2 እስከ 254 ያለውን ሁሉ እንዲያከራይ ተፈቅዶለታል፣ ከታች ጀምሮም በተራ ያድላል። በሌላው ወር ሕንፃው ውስጥ ያለው ስልክ ጥቂት ስለሆነ ተራው 50 አይደርስም። በሐጅ ጊዜ ግን የሑጃጁ ስልክ ሲጎርፍ 50 ቁጥር ለአንዱ ሐጂ ስልክ ይደርሰዋል። ሁለት ዕቃ በአንድ ቁጥር! በላዩ ደግሞ ኪራዩ የ24 ሰዓት ነውና እንግዳው ዐረፋ ሄዶ እንኳ ቁጥሩ እንደተያዘ ይቆያል፣ አዲስ የመጣውም ቁጥር ያጣል።

መፍትሔው ከራውተሩ ገጽ አልወጣም። ክምችቱ ከ100 እንዲጀምር ተደረገ፤ ከ100 በታች ያለው ለቢሮ ዕቃዎች ተለየ። ኪራዩ ወደ 2 ሰዓት ወረደ። ጂኑ ለቀቀ።

ለቤት ከዚህም የሚሻል አለ። ቁጥሩን በዕቃው ውስጥ አትጻፉት። ዕቃው እንደማንኛውም ስልክ ራውተሩን ይጠይቅ፤ ራውተሩን ግን «ይህ ማክ ሲመጣ ሁልጊዜ 20 ቁጥርን ስጠው» በሉት። አብዛኞቹ ራውተሮች ላይ ይህ ቦታ አለ፣ የአድራሻ ማስያዣ ማለት ነው። ቁጥሩ አይለወጥም፣ መዝገቡም ላይ ይታያል፣ ቤት ስትቀይሩ ዕቃው ከአዲሱ ራውተር ቁጥር ይቀበላል። አንድ እንከን አለው፦ ራውተሩን በመርፌ ወግታችሁ ሪሴት ካደረጋችሁት ያስያዛችሁት ሁሉ ይጠፋል። እባካችሁ ኢንተርኔት በተንቀራፈፈ ቁጥር ያችን ቀዳዳ አትውጉ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ከጅዳ አጠገብ ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ተቆርጠው በብዙ አገሮች ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ፣ ችግሩ የነበረው ባሕር ውስጥ ነው፤ ሳሎን ያለውን ራውተር መውጋት ምን ይፈይዳል?

ዕቃውን ካገኛችሁት በኋላ የይለፍ ቃሉን ሳትቀይሩ አትተኙ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በገፍ የማረከው 60 ያህል የፋብሪካ ስሞችና የይለፍ ቃሎች ብቻ ይዞ ነው። ባለቤቱ የረሳው ካሜራ ይለፍ ቃሉ የሚቀየርበት ቀን አይመጣም።

አሁን ወደ ጥያቄው፦ «አገር ቤት ያሠራሁት ቤት ካሜራ ስልኬ ላይ ኦፍላይን ይላል፤ ወንድሜ ግን መቅጃው ላይ ምስሉ አለ ይለኛል። ማንን ልመን?» ጠያቂው፣ ወንድምህን እመነው። መጀመሪያ «ሰሞኑን ራውተር ተቀይሯል?» ብለህ ጠይቀው። አዎ ካለህ ነገሩ ተፈታ። ካሜራውና መቅጃው በቋሚ ቁጥራቸው እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ ለዚህ ነው ምስሉ እዚያ የሚታየው። አንተ ስልክ ላይ እንዲደርስ ግን በጌትዌይ በኩል መውጣት አለበት፣ መቅጃው ውስጥ የተጻፈው ጌትዌይ ደግሞ የድሮው ራውተር ነው፣ 192.168.1.1። ያ ራውተር አሁን የለም፤ አዲሱ 192.168.100.1 ነው።

ከዚህ ሆነህ እያንዳንዱን ካሜራ በኢሞ እየመራህ ልታስቀይረው ብትሞክር ሌሊቱ ይነጋል፣ ከወንድምህም ትጣላለህ። በተቃራኒው አድርገው፤ አዲሱን ራውተር እንደ ድሮው አድርገው። ወንድምህ 192.168.100.1 ብሎ ራውተሩ ገጽ ይግባ፣ የውስጥ አድራሻ የሚለውን ቦታ ፈልጎ 192.168.1.1 ብሎ ይቀይር፣ የሚከራየውን ክምችት ከ192.168.1.150 እስከ 192.168.1.200 ያድርግ፣ ያስቀምጥ። ራውተሩ ጠፍቶ ይነሣል፣ የእሱም ስልክ ከዋይፋዩ ይለያያል፤ «አበላሸሁት» ብሎ እንዳይደነግጥ አስቀድመህ ንገረው። ተመልሶ ሲገናኝ መቅጃው የሚያውቀውን ጌትዌይ እዚያው ቦታው ላይ ያገኘዋል። አንተም ስልክህ ላይ አፑን ዘግተህ ክፈተው።